ኒያ ብቻውን ቁስለኛን ያድናልን?

ሥራ ሁሉ በኒያ እንደሚመዘን ሙስሊም የሆነ ሁሉ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲማር ያድጋል። ይህ የዲናችን ታላቅ መሠረት ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን መሠረቱን ከቦታው አንሥተን «ኒያዬ በጎ ነበርና በሥራዬ ውጤት አልጠየቅም» ወደሚል ማምለጫ ለውጠነዋል። ማምለጫው በንግድም፣ በትዳርም፣ በአመራርም ይታያል። እውነተኛ መልኩ የሚጋለጠው ግን የሰው ደም አስፋልት ላይ ሲፈስ ነው። መኪና የገጨውን ሰው ከበው ከቆሙት መካከል አንዱ ብብቱን፣ ሌላው እግሩን ይዞ ብድግ ያደርገውና ታክሲ ውስጥ አጥፎ ያስቀምጠዋል። ሦስተኛው ውሃ ያጠጣዋል። ሁሉም አዛኞች ናቸው፤ ሁሉም የአላህን ምንዳ ከጅለዋል። ቁስለኛው የአንገት አጥንቱ ተሰብሮ ከነበረ ግን በእግሩ ሊሄድ ይችል የነበረ ሰው በዚያች አንድ ደቂቃ ዕድሜ ልኩን ሽባ ሆኖ ሊቀር ይችላል። የአንሺዎቹ ኒያ ለርሱ ምን ያደርግለታል? እነርሱስ በአላህ ፊት ምን ይባላሉ?

ውድ አንባቢ! ይህን ጥያቄ ለመመርመር አንድ ያልተለመደ መነሻ እንውሰድ፤ በአሜሪካ የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሻን ለመሆን የሚሰጠውን የብቃት ፈተናና ተፈታኙ ስለ አደጋ ጉዳት የሚያጠናውን ትምህርት። በዚያች ሀገር ከሚኖሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ እንጀራቸውን የሚያገኙት በጤና ሙያ ነው። እንዲህ ያለውን ጥናት ብዙ ሰው የሚያየው እንደ ደመወዝ መሰላል ብቻ ነው፤ «ዱንያዊ ዕውቀት» የሚል ስም ሰጥቶም ከዲን ደጃፍ ውጭ ያስቀምጠዋል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ የዚህ ተቃራኒ ነው። የቁስለኛ ገላ አማና ነው፤ አማናን ለመጠበቅ መማር ደግሞ ከኒያ ጋር አብሮ የሚጠየቅ ግዴታ ነው።

አሜሪካ ራሷ ይህን የተረዳችው ብዙ ሕይወት ከጠፋ በኋላ ነው። የሀገሪቱ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጣው ሪፖርት በ1965 ብቻ 107,000 ሰዎች በድንገተኛ አደጋ መሞታቸውን፣ ከእነዚህም 49,000 ያህሉ በመኪና አደጋ ያለፉ መሆናቸውን ገለጸ። ከቁጥሩ ይበልጥ የሚያስደነግጠው ሌላው ግኝት ነበር። የሀገሪቱን የአምቡላንስ አገልግሎት ግማሽ ያህል የሚሰጡት 12,000 የሚሆኑ የቀብር አስፈጻሚዎች ነበሩ! ምክንያቱም ሰውን አስተኝቶ ለመውሰድ የሚመቸው መኪና የሬሳ መኪና ነበር። አስቡት፤ በሕይወት ያለ ቁስለኛ በሬሳ መኪና ይጫናል፤ አጠገቡ የሚቀመጠው ሰው ደም ማቆምም እስትንፋስ መክፈትም አልተማረም። ያ ሰው ክፉ ነበር ማለት አይደለም። የጎደለው ርኅራኄ ሳይሆን ዕውቀት ነበር። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ ወጥ እንዲሆን ተደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ ባለሙያዎችን የሚፈትንና የሚመዘግብ ብሔራዊ ተቋም ተመሠረተ።

ዛሬ ፈተናው በኮምፒዩተር የሚሰጥ ነው። ጊዜው 2 ሰዓት ሲሆን የጥያቄዎቹ ብዛት በተፈታኙ አመላለስ ላይ ተመሥርቶ ከ70 እስከ 120 ይደርሳል። ማሽኑ ከመልሱ እየተነሣ ቀጣዩን ጥያቄ ያከብዳል ወይም ያቀልላል፤ ስለ ብቃቱ እስኪያረጋግጥም ይቀጥላል። ተፈታኙ «ልቤ ንጹሕ ነው» ቢል የሚሰማው የለም። የሚጠየቀው «ምን ታደርጋለህ? ምኑን ታስቀድማለህ?» ነው።

ወደ ትምህርቱ ውስጥ ስንገባ ደግሞ ሰውነትን ብቻ ሳይሆን ነፍስንም የሚያሠለጥን ሆኖ እናገኘዋለን። ተማሪው የሚማረው የመጀመሪያ ነገር ቁስለኛውን መንካት አይደለም፤ ቆሞ ቦታውን ማየት ነው። መኪኖች መምጣታቸውን አላቆሙ ይሆን? የኤሌክትሪክ ሽቦ ወድቋል? ነዳጅ ፈስሷል? እጁ ላይ ጓንት አለ? ይህን ሳያረጋግጥ የሮጠ ተፈታኝ በተግባር ፈተናው ይወድቃል። ለምን ቢባል ሳያስተውል የገባ አዳኝ ራሱ ሁለተኛ ቁስለኛ ይሆናልና። የልባችን ስሜት «ሩጥ!» ይላል፤ ትምህርቱ «መጀመሪያ እይ!» ይላል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ ራሳችንን በገዛ እጃችን ወደ ጥፋት እንዳንጥል ከልክሎናል። አንቀጹ የወረደው ስለ ልግሥና በሚናገር ዐውድ ውስጥ ቢሆንም ዑለማኦች ከቃሉ ጠቅላላነት ነፍስን ያለ ጥቅም ለአደጋ ማጋለጥ የተከለከለ መሆኑን ወስደዋል።

ሁለተኛው ትምህርት ቅደም ተከተል ነው። በኃይል የሚፈስ ደም ካለ እርሱ ይቆማል፤ ቀጥሎ የአየር መንገድ፣ ቀጥሎ አተነፋፈስ፣ ቀጥሎ የደም ዝውውር ይታያል። የተጣመመ እግር ዐይን ይስባል፤ ተመልካችን ያስጮኻል። ሰውየውን በደቂቃዎች ውስጥ የሚገድለው ግን ከጭኑ ሥር በጸጥታ የሚንዠቀዠቀው ደም ወይም የተዘጋው ጉሮሮው ሊሆን ይችላል። ደሙ በቀጥታ በመጫን አልቆም ካለ ከቁስሉ ከፍ ብሎ፣ መጋጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ ቱርኒኬት ይታሠራል፤ የታሠረበትም ሰዓት ይጻፋል። ተማሪው ዐይን የሚስበውን ትቶ ነፍስ የሚያጠፋውን መፈለግ ይለምዳል።

ሦስተኛው እጅን መሰብሰብ ነው። ሰውነት ውስጥ የተሰካ ቢላዋ ወይም ብረት አይነቀልም፤ ባለበት ታስሮ እንዳይንቀሳቀስ ይደረጋል። የተሰካው ነገር ራሱ የተቆረጠውን የደም ሥር ደፍኖት ሊሆን ይችላልና። ከሆድ የወጣ አንጀት ወደ ውስጥ አይገፋም፤ በንጹሕና እርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። አንገቱ ተጎድቷል ተብሎ የሚጠረጠር ሰው ራሱ በሁለት እጅ ተይዞ ቀጥ ይላል እንጂ አይጎተትም። እኛ ዘንድ እንደ ታላቅ ደግነት የሚቆጠረው ውሃ ማጠጣትም ለከባድ ቁስለኛ የተከለከለ ነው። ሊያስመልሰውና ትውከቱ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ማደንዘዣ ወስዶ ቀዶ ሕክምና ሲያስፈልገው አደጋው ይብሳል። ቢላዋ መንቀል፣ ቀና ማድረግ፣ ማጠጣት ሁሉ ከደግ ልብ የሚመነጩ ናቸው። ሁሉም ግን ሊገድሉ ይችላሉ።

እንግዲህ ሸሪዓችን ስለዚህ ምን ይላል? በሶሐባዎች ዘመን የሆነ አንድ ታሪክ አለ፤ ጃቢር (ረ.ዐ.) አውርተውት አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ሰዎች መንገድ ላይ ሳሉ አንደኛው ድንጋይ ራሱን መትቶ ፈነከተው። ከዚያም ገላ መታጠብ የሚያስገድድ ነገር ደረሰበትና በተየሙም ማለፍ ይችል እንደሆነ ጓዶቹን ጠየቀ። እነርሱም ውሃ እስካለ ድረስ አይፈቀድልህም አሉት። ታጠበ፤ ሞተም። ዜናው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በደረሰ ጊዜ ቁጣቸው ከባድ ነበር። ለሞቱ ተጠያቂ ያደረጉት ድንጋዩን ሳይሆን እነዚያን ሰዎች ነው። ካላወቁ መጠየቅ እንደነበረባቸው፣ የድንቁርና መድኃኒቱም መጠየቅ መሆኑን ገለጹ። ልብ በሉ! እነዚያ ሰዎች ተንኮለኞች አልነበሩም። የአላህን ሐቅ ለመጠበቅ ፈልገው ነበር። ከዚህ የበለጠ በጎ ኒያ ከየት ይመጣል? ሆኖም ያለ ዕውቀት በሰው ገላ ላይ ፈርደዋልና ኒያቸው ከወቀሳ አላዳናቸውም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ሐዲሥ አለ። በሕክምና ሳይታወቅ ያከመ ሰው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መናገራቸውን አቡ ዳውድ፣ ነሳኢና ኢብኑ ማጃህ ዘግበዋል። ፉቀሃኦችም ከዚህ ተነሥተው ዐዋቂ ሐኪም እንደ ሙያው ሠርቶ በሽተኛው ቢሞት እንደማይጠየቅ፣ ሳያውቅ ዐዋቂ ነኝ ብሎ የገባ ግን ካሣ እንደሚከፍል ደነገጉ። የብቃት ፈተና የሚባለው ነገር ከዚህ ድንጋጌ ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ አንባቢ ይፍረድ። የምስክር ወረቀቱ በሰው ገላ ላይ እጁን ለመዘርጋት ሰውየው መታወቁን የሚያረጋግጥ ነው።

አንዳንድ አንባቢ እዚህ ላይ «እንግዲያውስ አርፎ መቀመጥ ይሻላል፤ ካልነካሁ አልጠየቅም» ይል ይሆናል። ይህ አባባል በከተማችን የተለመደ ነው። የወደቀ ሰው ያየ መንገደኛ «ፖሊስ ጣቢያ እመላለሳለሁ፤ አንተ ነህ የገጨኸው እባላለሁ» ብሎ ያልፋል። ፍርሃቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ መፍትሔም ይሻል። ሸሪዓው ግን ይህንንም በር ዘግቶታል። በማሊኪ መዝሀብ የታወቀው፣ ሸይኽ ኸሊል በ8ኛው ክፍለ ዘመነ ሂጅራ ያዘጋጁት ሙኽተሰር ማዳን እየቻለ ነፍስ እንድትጠፋ ስለተወ ሰው ይናገራል። ከምሳሌዎቹ አንዱ የሚገርም ነው፤ ሆዱ ድረስ ዘልቆ የቆሰለ ሰው ቁስሉ የሚሰፋበት ክር አጥቶ ሳለ ክር ያለው ሰው ከልክሎት ቢሞት፣ ከልካዩ ይጠየቃል። አንዲት ክር! ያ ሰው ቁስለኛውን አልወጋውም፤ አልነካውም። ያጠፋው የነበረውን ባለመስጠቱ ነው።

ሁለቱን ሕግጋት ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው መውጫው አንድ ብቻ ሆኖ ይታያል። ሳያውቅ የነካ ይጠየቃል፤ እየቻለ የተወም ይጠየቃል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ መማር ነው። ዕውቀት ክር ነው፤ አስቀድሞ ያላዘጋጀው ሰው ቁስሉ በተከፈተ ሰዓት ከየት ያመጣዋል? ስለሆነም እኩለ ሌሊት ላይ መጽሐፍ ገልጦ ደም ስለማቆም የሚያጠና ሙስሊም ኒያውን ካሳመረ እያዘጋጀ ያለው ያንን ክር ነው።

ሌላም ክርክር ይነሣል። «አጀል የተወሰነ ነው፤ ያልሞላለት አይሞትም፤ የሞላበትም አይተርፍም» ይባላል። ቃሉ እውነት ነው፤ የሚነገርበት ዓላማ ግን የተሳሳተ ነው። ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው በተመለሱ ጊዜ ከአላህ ውሳኔ ትሸሻለህን ተብለው ተጠይቀው ነበር። መልሳቸው ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ እንደሚሸሹ ነበር። አደጋው ቀደር ከሆነ ቱርኒኬቱም ቀደር ነው፤ ያሠረው እጅም ቀደር ነው። እኛ የምንጠየቀው አጀሉን ስለማስረዘም ሳይሆን በእጃችን ያለውን ሰበብ ስለመጠቀም ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ምዕራፍ ግን ቁስለኞች በዝተው አዳኞች ሲያንሱ የሚደረገው ልየታ ነው። በናፖሊዮን ሠራዊት ውስጥ የነበረው ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ዶሚኒክ ዣን ላሬ ቁስለኞችን በማዕረጋቸው ሳይሆን በጉዳታቸው ክብደት ቅደም ተከተል በማከሙ ይታወቃል። ዛሬ ተማሪዎች የሚያጠኑት አንዱ ዘዴ «ስታርት» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1983 በካሊፎርኒያ ኒውፖርት ቢች የተዘጋጀ ነው። በዚህ ዘዴ ለአንድ ቁስለኛ የሚሰጠው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። መራመድ የሚችሉ አረንጓዴ ካርድ ይዘው ወደ ጎን ይሄዳሉ። በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ የሚተነፍስ፣ ጣቱ ተጭኖ ሲለቀቅ ደሙ ለመመለስ ከ2 ሰከንድ በላይ የሚወስድ፣ ወይም ቀላል ትእዛዝ መፈጸም ያቃተው ቀይ ካርድ ይሰጠውና ቅድሚያ ያገኛል። ከእነዚህ ውጭ የሆነው ቢጫ ይሆናል። የአየር መንገዱ ተከፍቶለትም የማይተነፍስ ሰው ጥቁር ካርድ ይደረግበታል፤ አዳኙም አልፎት ይሄዳል።

አልፎት ይሄዳል! ይህ ለሙስሊም ልብ ቀላል አይደለም። ጥቁሩ ካርድ የተደረገበት ሰው ጎረቤትህ ቢሆንስ? ቀዩ ካርድ የማታውቀው ሰው፣ ወይም ትናንት የበደለህ ሰው ቢሆንስ? እዚህ ላይ ነው የዕውቀትና የፍትሕ ነገር የሚገናኙት። ያልተማረ አዛኝ ልቡ ወዳዘነለት ይሄዳል። ልቡ ደግሞ የሚያዝነው ለዘመዱ፣ ለሀገሩ ልጅ፣ ለሃይማኖት ወንድሙ፣ ወይም ከሁሉ አብልጦ ለሚጮኸው ነው። የሚጮህ ሰው ቢያንስ ይተነፍሳል፤ ዝም ያለው ግን ሊሞት ይሆናል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ማኢዳ አንዲትን ነፍስ ያዳነ ሰዎችን ሁሉ እንዳዳነ መሆኑን ሲገልጽ የተናገረው ስለ ነፍስ ነው፤ የነፍሷን ዘርና ወገን አልጠየቀም። በራሳችን፣ በወላጆቻችንና በቅርብ ዘመዶቻችን ላይ እንኳ ቢሆን በፍትሕ እንድንቆምም በሱረቱ ኒሳእ አዞናል። ጉዳቱን ብቻ የሚያይ አዳኝ ይህን ትእዛዝ በአስፋልት ላይ ይፈጽመዋል።

ሰውን ጥሎ ማለፍ ግን ቁስል ሆኖ በአላፊው ልብ መቅረቱ አይቀርም፤ መቅረቱም ተገቢ ነው። ሁለት ጉዳቶች ሲጋጩ ትልቁን ለመከላከል ትንሹን መሸከም በፊቅህ የታወቀ መርሕ ነው። ነገር ግን «ትንሹ» የተባለውም የሰው ነፍስ ነው፤ መርሑ ፈቃድ ይሰጣል እንጂ ሐዘንን አይሰርዝም። አዳኙ ቢያልፍም አጠገቡ ያለ ሌላ ሙስሊም ቁጭ ብሎ እጁን ሊይዝለት፣ ሸሃዳን በጆሮው ሊያሰማው ይችላል። ይህም ከሟች ሐቅ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ በኢትዮጵያ ላለነው ምን ይለናል? ሀገራችን ከዚህ ሙያ ባዶ አይደለችም። በ1935 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንሶች በከተሞቻችን የታወቁ ናቸው፤ የመጀመሪያ ሕክምና ርዳታ ሥልጠናም ይሰጣል። የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሻኖችንም የሚያሠለጥኑ ኮሌጆች አሉ። የጎደለው የኛ ድርሻ ነው። ዑለማኦቻችን ሕክምናን ከፈርዱል ኪፋያ ይቆጥሩታል፤ ማለትም ብቁ የሆኑ ጥቂቶች ከተነሡለት ከሌላው ይወርዳል፤ ማንም ካልተነሣለት ግን ሁሉም ይጠየቃል። በየመስጊዳችን ስንት ጀመዓ አለ? ከዚያ ጀመዓ መካከል የሚደማ ሰው ቢወድቅ ደሙን ማቆም የሚያውቁት ስንት ናቸው? ለኢድ ሶላት ስንወጣ ስፍር ቁጥር የለንም። እ.ኤ.አ. በ2015 በሐጅ ወቅት ሚና ላይ በደረሰው መጨናነቅ ያለቁትን ሑጃጆች አንረሳቸውም፤ ኢትዮጵያውያንም ከመካከላቸው ነበሩ። ብዙ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ይህ ዕውቀት ሊኖር ይገባል።

«ለዚህ የተማረ፣ ሀብታም ሕዝብ ያስፈልጋል» የሚል ካለ የፒትስበርግን ታሪክ ይመልከት። በዚያች የአሜሪካ ከተማ ሂል በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ድንገተኛ ሕመምተኛን የሚያነሣው የፖሊስ መኪና ነበር፤ ሕክምና ግን አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1967 ፍሪደም ሐውስ የተባለ ድርጅት ሥራ የላቸውም፣ አይቀጠሩም ከተባሉት የዚያው ሰፈር ልጆች መካከል መልምሎ ማሠልጠን ጀመረ። ትምህርቱን የቀረጸው ዶክተር ፒተር ሳፋር ነበር፤ በ1966 ሴት ልጁ በአስም ሞታበት ነበር። እነዚያ የተናቁ ወጣቶች በሀገሪቱ ከነበሩት ሁሉ ቀድመው ከፍተኛ የድንገተኛ ሕክምና ችሎታ ካገኙት መካከል ሆኑ። ከተማው እ.ኤ.አ. በ1975 አገልግሎቱን በራሱ ቢተካውም ያሳዩት መንገድ ቀርቷል። ሰፈር የራሱን ቁስለኛ ማንሣት ይችላል፤ የሚያስፈልገው ትምህርትና ትዕግሥት ነው።

ለኛ ደግሞ ከፒትስበርግ የቀደመ ምሳሌ አለን። በኸንደቅ ዘመቻ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ.) በቆሰሉ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያስተኟቸው ቁስለኞችን በምታክመው በሩፈይዳ አል አስለሚያ (ረ.ዐ.) ድንኳን ነበር፤ ድንኳኑም የነበረው በመስጊዳቸው ውስጥ ነው። ሩበይዕ ቢንት ሙዐውዊዝም (ረ.ዐ.) ሴቶች ከነቢዩ ጋር ዘምተው ቁስለኞችን ያክሙ እንደነበር መናገራቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። የቁስለኛ ድንኳን ከሶላት ሰፍ ጥቂት እርምጃ ብቻ የራቀበት ዘመን ነበረን።

ስለሆነም የመስጊድ አስተዳደሮች፣ የመድረሳ መምህራንና የወጣት ጀመዓዎች በዚህ ላይ ይምከሩ። በየመስጊዱ በጥቂቱ ዐሥር ወንድና ዐሥር ሴት የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና እንዲወስዱ ማድረግ ይቻላል። ፋሻና ጓንት የያዘ አንድ ሣጥን ከቁርኣን መደርደሪያው አጠገብ ቢቀመጥ ወጪው ብዙ አይደለም። አቅሙና ዝንባሌው ያለው ወጣት ደግሞ ወደ ሙያው ይግባ፤ ፈተናውንም ይፈተን፤ ቢወድቅ ደግሞ ያጥና። ለፈተና ሲያጠናም በወረቀቱ ላይ ያለው ጥያቄ አንድ ቀን እስትንፋስ ያለው ሰው ሆኖ ከፊቱ እንደሚተኛ አይርሳ።

ኒያ የሥራ ነፍስ ናት። ነፍስ ያለ አካል በዚህ ዓለም እንደማትሠራ ሁሉ ኒያም ያለ ዕውቀት ቁስል አትጠግንም። አላህ ኒያችንን ያሳምርልን፤ እጃችንንም በሚጠቅም ዕውቀት ያሠልጥንልን። አሚን! ወላሁ አዕለም።